ምድብ ሀ ሕንፃ

ከዳባትና ከደባርቅ በአንዳቸው የአባቴን ቤት ወርሻለሁ። በየትኛዋ እንደሆነ አልናገርም። ዳባቶች «የሚያማው ደባርቅን ነው»፣ ደባርቆችም «ዳባትን ነው» እያሉ ሁሉም በሰላም ቢያድር ይሻላል።

ቤቱ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው ደህና ቤት ነው። ውሃ ግን ከደጅ አላለፈም። ቧንቧው አጥሩ ሥር ቆሟል፣ ሽንት ቤቱ ደግሞ የግቢው ጫፍ ላይ ነው። በታኅሣሥ ከስሜን ተራሮች ውርጭ በሚወርድበት ሌሊት እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ባትሪ ይዛ፣ በሽንት ቤቱና በአልጋዋ መካከል ያለውን መንገድ ስታቋርጥ ማየት የልጅ ሆድ አይችለውም። ስለዚህ ሽንት ቤትና ሻወር ከቤት ውስጥ ላስገባላት ቆረጥኩ።

የቧንቧ ሠራተኛው መጣ፤ ቤቱን ዞሮ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ። «ፒፒአር ቧንቧ፣ አንድ ሮቶ፣ አንድ ሴፕቲክ ጉድጓድ። ሳምንት አይፈጅም» አለኝ። ሳምንት አይፈጅም ያለው ሥራውን ብቻ እንደነበር ኋላ ነው የገባኝ።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ቧንቧው በጋሪ ሲራገፍ በአጥር ላይ አንገታቸውን አውጥተው፣ «ፈቃድ አወጣህ?» አሉኝ።

«ለቧንቧ፣ የኔታ?»

«ለቧንቧ!» አሉና ያኔ ይሠራበት የነበረውን የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ን ከዳዊት ባላነሰ ቅልጥፍና ይወርዱት ጀመር። በአዋጁ አነጋገር ግንባታ ማለት አዲስ ቤት መሥራት ብቻ አይደለም፤ ነባሩን ማሻሻልም፣ አገልግሎቱን መለወጥም ግንባታ ነው። እናቴ የምታድርበት ክፍል ጥግ ሻወር ሊሆን ነው። ተለወጠ ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር አዋጁ ክፉ አልነበረም። የእኛ አገር ከተማ ተዳፋት ላይ ነው የሚሠራው፤ የላይኛው ሰው ያፈሰሰው የታችኛው ሰው ደጃፍ ላይ ያድራል። ሴፕቲኩ የት ሊቆፈር ነው፣ ከጎረቤት ጉድጓድ ስንት ይርቃል ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ መኖሩ ደግ ነው። ደግሞም አዋጁ ለእኔ ቢጤ ያስብ ነበር። ሕንፃን ሦስት ቦታ ይከፍል ነበር፦ ከ12 ሜትር በላይ የሆነው፣ ፋብሪካውና ሕዝብ የሚገለገልበት ምድብ ሐ፤ እዚያ የማይደርሰው ባለ ፎቅ ምድብ ለ፤ የእናቴ ቢጤ ባለ አንድ ወለል መኖሪያ ምድብ ሀ። ከሁሉ ቀላሉ ማለት ነው። እኔም ቀላል መስሎኝ ሄድኩ።

የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት መግቢያ ላይ የዜጎች ቻርተር ተሰቅሏል። የትኛው አገልግሎት በስንት ሰዓት፣ በስንት ቀን እንደሚሰጥ በሠንጠረዥ ተዘርዝሯል። ደጋግሜ ስላነበብኩት ዛሬ በቃሌ ልወጣው እችላለሁ፤ ወረፋ ላይ ሌላ የሚነበብ ነገር የለማ።

የመጀመሪያው መስኮት ካርታ፣ መታወቂያና የውርስ ማስረጃ ተቀበለኝና «የሳኒተሪ ፕላን ይቀረዋል» አለ። አሠራሁ። ፕላኑን አየት አደረገና «ውሃው ከየት እንደሚገባ የሚያሳይ ደብዳቤ ከውሃ አገልግሎት ያምጡ» አለ። ውሃ ሄድኩ። ውሃም በትሕትና፣ «ቆጣሪ የምናዛውረው የግንባታ ፈቃድ ሲቀርብ ነው» አለኝ። ተመልሼ ይህንኑ ነገርኩት። «ልክ ናቸው» አለ። ወደ ውሃ ሄጄ የእሱን ስነግራቸው እነሱም «ልክ ነው» አሉኝ። ሁለት ልክ የሆኑ ሰዎች መካከል የቆመ ሰው ለማን አቤት ይላል?

ለኃላፊው እንዳልል ኃላፊው መስክ ወጥተዋል። በማግስቱም መስክ ናቸው። በዚህ አወጣጣቸው የስሜንን መስክ ጨርሰው ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ሳይደርሱ አልቀሩም። መስክ ካልወጡ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ስብሰባ ከሌለ ማህተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ መስክ ወጥቷል።

በመካከሉ ፋይሌ ጠፋ። ይህ ነው ያንገበገበኝ። በዳባት ወረዳ አንዳንድ ቀበሌዎች የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የገባና የወጣውን ሰው ቤት ለቤት እየዞረ ሲመዘግብ ኖሯል። የሰው ነፍስ ስትመጣም ስትሄድም በሚመዘገብበት አካባቢ አንድ ባለ አረንጓዴ ክላሰር ፋይል ከመደርደሪያ ወደ ጠረጴዛ ሲሄድ ያየው የለም!

የኔታ አጽናኑኝ። ማጽናናታቸው ግን እንደ ሌላ ሰው አይደለም። «የስሜን ተራሮች ፓርክ በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ላይ የገባው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ የወጣው በ2017። 21 ዓመት! ዋልያና ጭላዳ ይዞ 21 ዓመት ከጠበቀ፣ አንተ አንድ ሽንት ቤት ይዘህ ምን ያጣድፍሃል?» አሉኝ። ቀጥለው ደጃች ውቤን አመጡ። ውቤ ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት ሊነግሡባት ነው፤ በ1847 ዓ.ም. ግን ካሳ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸውና እዚያችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። «አየህ፣ ግንባታው የውቤ፣ የመጠቀሚያ ፈቃዱ የቴዎድሮስ» አሉና በሳቅ ፈረሱ። እኔ አልሳቅሁም። ሻወሬ ላይ ማን ሊነግሥ እንደሚችል ሳስብ ነበር።

ነገሩን የፈቱት የመሥሪያ ቤቱን ሻይ የሚያፈሉት እናት ናቸው። ፊቴን ለምደውት ኖሮ አንድ ቀን ጠርተው፣ «ልጄ፣ አንተ ፈቃድ ስጡኝ ስለምትል ነው እንቢ የሚሉህ» አሉኝ። «ፈቃድ አትጠይቅ። 'ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው' የምትል አንዲት ደብዳቤ ስጡኝ በል። ይህችን መስጠት ማንንም አያስጠይቅም፤ እንቢ የሚልህ የለም።»

እውነታቸውን ነው። በሂደት ላይ ነው የምትለዋ ደብዳቤ በዚያው ረፋድ ተጻፈች፤ ውሃም እሷን ተቀብሎ በበኩሉ «እኛም ዘንድ በሂደት ላይ ነው» ብሎ ጻፈ። ሁለቱ ሂደቶች ተጋቡና ፈቃድ ወለዱ። ፋይሉም በደስታው ቀን ከየት እንደሆነ ሳይታወቅ ብቅ አለ።

ሥራው ተጀመረ፤ እንደተባለውም ሳምንት አልፈጀም። ተቆጣጣሪው ሜትር ይዞ መጣ፣ የሴፕቲኩን ርቀት ለካ፣ ሲንኩን ከፍቶ ዘጋ፣ ሻወሩ ሥር እጁን ዘርግቶ ቆየ። እናቴ ቡና አፍልታ ስለነበር ሦስተኛውን ሳይጠጣ አላስወጣችውም። ሊሄድ ሲል የቧንቧ ሠራተኛውን ወደ በሩ ጠጋ አድርጎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የእኔም ቤት ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፤ ልጆቹ በብርድ አለቁ። ቅዳሜ መጥተህ ብታይልኝ?» አለው።

የቧንቧ ሠራተኛው መፍቻውን በጨርቅ እየጠራረገ፣ «ጌታዬ፣ ፈቃድ አውጥተዋል?» አለ።

«በሂደት ላይ ነው።»