የታጠፈ ጥሩምባ

ለፋሲካ በግ ሊገዛ የሚወጣ ሰው ምን ምን ያስፈልገዋል? ብር፣ ገመድ፣ ሽንጥና ላት ዳስሶ የሚያውቅ ሰው፣ ባዶ ኮፈን። ብሩን ተበድሬ፣ ገመዱን ከጎረቤት ለምኜ፣ ዳሳሿን አማቴን ከቤታቸው ይዤ ቅዳሜ ማለዳ ሾላ ገበያ ደረስኩ። ስለ ኮፈኑ ማንም አላስታወሰኝም። እማማ ላት ሲመዝኑ፣ ከነጋዴው ጋር ሲማማሉ፣ ትተው ሲሄዱና ሲጠሩ ቆይተው በመጨረሻ በጉ በጎረምሳ ትከሻ መጣ። የኋላ ኮፈኔን ከፈትኩ። ጎረምሳው ወደ ውስጥ አየ፣ እኔን አየ፣ "ጋሼ፣ ሰው ጭነዋል እንዴ?" አለኝ።

ሰው አልጫንኩም። የጫንኩት ጥሩምባ ነው። ቡናው እስኪፈላ ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ነገሩ የመጣው በሁዳዴ ነው። አማቴ በጾም ከበገና ሌላ ነገር ከከፈትኩ ከመኪናው ይወርዳሉ። የኔ ኮሮላ ስፒከሮች ደግሞ መዳፍ የማያክሉ ናቸው፤ ቀጫጭኖቹን አውታሮች ያሰሙና ወፍራሞቹን ይውጧቸዋል። አንድ ቀን "ይሄ በገና ነው ክራር?" አሉኝ። አማት እንዲህ ብላው ዝም የሚል አማች የት አለ? ጤነኛ ሰው ቢሆን መርካቶ ወርዶ ያለቀለት ሳብዎፈር ገዝቶ፣ አስገጥሞ፣ ለምሳ ቤቱ ይገባ ነበር። እኔ ማንበብ ጀመርኩ።

ያነበብኩት ይህን ነው። የስፒከር ወረቀት ሲርገበገብ አየሩ ቀላል ስለሆነ ይሸሸዋል፤ የኤሌክትሪኩ ጉልበት አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ፊቱ ላይ ጉሮሮው የጠበበ፣ ወደ አፉ እየሰፋ የሚሄድ ቱቦ ብትገጥሙለት ግን አየሩ መሸሻ ያጣና ጉልበቱን ተቀብሎ ይዞት ይወጣል። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ በአንድ ትንፋሽ ሰፈሩን ከነውሻው የሚቀሰቅሰው በከንቱ አይደለም። ጣጣው ርዝመቱ ነው። ድምፅ በሰከንድ ወደ 343 ሜትር ይጓዛል፤ 40 ሄርዝ ላይ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 8 ሜትር ተኩል ያልፋል። ቱቦው ቢያንስ የዚህን ሩብ፣ ከ2 ሜትር በላይ ይፈልጋል። ሜዳ ላይ የሚቆም ቢሆን አፉ ብቻ 2 ሜትር ከ70 ገደማ ይሰፋ ነበር። ፖል ክሊፕሽ የሚባል አሜሪካዊ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቱቦውን አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ከተተው፤ ሳጥኑን ክፍል ጥግ ሲያስጠጋው ግድግዳዎቹ የጥሩምባው ቅጥያ ሆኑለት። መኪና ደግሞ ከጥግም በላይ ናት። ከ70 ሄርዝ ገደማ በታች የሞገዱ ግማሽ ከመኪናዋ ውስጥ ርዝመት ስለሚበልጥ አየሩ እንዳለ ይጨመቃል፤ ወፍራሙ ድምፅ ማንም ሳይከፍልበት ከፍ ይላል። ስለዚህ አጠር ያለ ጥሩምባም ይበቃል ማለት ነው። ይህን ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሆፍማን የሚባል፣ ኬኤልኤች የተባለውን የስፒከር ኩባንያ ከመሠረቱት ከሦስቱ አንዱ፣ ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝ፣ በትንሽ ዋት ብዙ ድምፅ፣ ከነዚህ ሁለቱን ብቻ ነው የምታገኘው ብሏል። እኔ ሦስቱንም አዘዝኩ። ዴቪድ ማክቢን የሚባል ሰው ሆርንሬስፕ የሚል ነጻ ፕሮግራም ሠርቷል፤ የጉሮሮውን ስፋት፣ የቱቦውን ርዝመት ስትነግሩት መስመር ይስልላችኋል። የኔ መስመር ቆንጆ ነበር። አትሜ ኪሴ ከተትኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፣ እኔ ሁለቱም ነበርኩ።

ወረቀቱን የሰፈራችን አናጢ ገልብጦ አየው። "ጋሼ፣ ቁም ሳጥን እንዳልል በር የለው፣ መደርደሪያ እንዳልል ሁሉም ጠማማ ነው" አለ። ግን ሠራው። 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ፣ ውስጡ ሰያፍ ሰያፍ የቆሙ ክፍልፋዮች፣ ድምፁ ሄዶ ተጠምዝዞ ተመልሶ የሚወጣበት መንገድ። ኮላውን በየስፌቱ በጣቴ እያስተካከልኩ አደርኩ ማለት ይቻላል፤ በውስጥ ግድግዳ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ካመለጠች ድምፁ አቋራጭ ይሄድና የመንገዱ ርዝመት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ክዳኑ አንዴ ከተለጠፈ ደግሞ ውስጡን ዳግም የሚያይ ዓይን የለም። አናጢው ክዳኑን ካጣበቀ በኋላ የብሎኑን ቦታ ሊያመለክት እርሳሱን ፈልጎ አጣ፣ የኔን እስክሪብቶ ወሰደ። እስክሪብቶዬ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ይሄ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሳጥኑ ጥቁር ምንጣፍ ለብሶ፣ 40 ኪሎ ገደማ ሆኖ፣ ኮፈኑ ውስጥ በብሎን ታሰረ። መጀመሪያ የሰማሁት ቤዝ ሳይሆን ታርጋዬን ነበር፤ እንደ ጸናጽል ተንሿሿ። ከበስተኋላው የከመነዳሪ ቁራጭ ሲደረግለት ጸጥ አለ። ከዚያ በገናውን ከፈትኩት። ወዳጆቼ፣ ወንበሩ ጀርባዬን ነካ ነካ አደረገኝ! እማማ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው አመጡ። እውነትም ያ ዝዝዝ የሚለው፣ በገናን በገና የሚያደርገው ንዝረት ሳይቀር አለ። እኔም የተማርኩትን አፈሰስኩት፤ እንዚራ የሚሏት ቁራጭ ቆዳ ከአውታሩና ከብርኩማው መሀል ገብታ እንደምታነዝረው፣ ይህን ማሰማት የጥሩምባ ሳጥን ብቻ እንደሚችል። ነገሩ የገባው ሰው አጠገቤ ቢኖር ኖሮ፣ ንዝረቱ ያለው ከፍ ባሉት ድምፆች ውስጥ ነው፣ ከ80 ሄርዝ በታች ብቻ የሚላክለት ሳጥን ከየት አመጣው ብሎ በጠየቀኝ። አልነበረም። ሰፈሩን በሙሉ እያስቀመጥኩ አሰማሁ።

ወደ ሾላ እንመለስ። በጉ ከኋላ ወንበር ከእማማ ጎን ተቀመጠ። ቀበቶ አላሰርንለትም እንጂ መስኮቱንስ ከፍተንለታል። መገናኛን ሳንሻገር ጎማ ተነፈሰ። ስኮርታው የት አለ? ከጥሩምባው ሥር። ክሪኩስ? እዚያው። ብሎኖቹን ፈትቼ፣ መንገደኛ ጎረምሶች ለምኜ ሳጥኑን አስወጣሁትና እግረኛ መንገድ ላይ አጋደምነው። በጉ መያዣው ላይ ታሰረ። እማማ ፀሐዩ ቢበረታባቸው ነጠላቸውን ተከናንበው አጠገቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ፣ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው።

እንግዲህ እናንተ በዚያ ብታልፉ ምን ትላላችሁ? ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ቆሙ። አንዷ ሳጥኑን በዓይኗ ለካችና "ወይኔ፣ በዓመት በዓሉ! ልጅ ነው?" አለች። እማማ ቀና ብለው በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ፤ "የሱ ነው" አሉ። ከዚያ በኋላ ጎማ የፈታሁት "አይዞህ"፣ "እግዜር ያጽናህ" እየተባልኩ ነው። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ምን ልበል? አይ፣ ይሄ ቤዝ ነው ብል ማን ያምነኛል? "አሜን" አልኩ፤ ካንዱ "አሜን" በኋላ ማቋረጥ አይቻልም።

ስኮርታው ገባ። ሳጥኑን ልንመልስ ጎረምሶቹ በአፉ በኩል ደፋ ሲያደርጉት ከሆዱ አንድ ነገር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ በየማጠፊያው እየተንከባለለ ወረደ። ቅድም ልጅ ነው ያለችው ሴት አማተበች። ወጣና እማማ እግር ሥር ቆመ፦ ጠፍጣፋ ቀይ የአናጢ እርሳስ፣ ጫፉ የተነከሰ።

ማታ ከቅዳሴው በፊት እማማን ላደርሳቸው ስነሳ በገናውን ከፈትኩት። ቤዙ ጥርት ብሎ፣ ለስልሶ፣ ወረቀቱ ላይ እንደተሳለው መስመር ሆኖ መጣ። ኮራሁ። እማማ ትንሽ አዳምጠው ፊታቸው ተቀየረ።

"ያ ዝዝ የሚለውስ?"

"እማማ፣ እሱ እኮ እርሳሱ ነበር።"

ቦርሳቸውን ከፍተው እርሳሱን አወጡና በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። "በል ልጄ፣ ወዳገኘህበት መልሰው።"