ለአንድ መስታወት ሁለት አባይ

ስሙልኝማ! አያ መርካቶ ፍኖተ ሰላም መነኸሪያ ቆሞ የሚለውን ስሙልኝ። «ደህና መስታወት አዲስ አበባ እንጂ እዚህ የት ይገኛል?» ይላል። ይህን ሲል ከጀርባው የመስታወት ቆራጭ ቤት አለ። በሩ ላይ የተደገፈው መስታወት የአያ መርካቶን ማጅራት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እሱ ዞር ብሎ አላየም። መስታወት ፈላጊ መስታወት ካልታየው፣ የጎደለው መስታወት ነው ዓይን?

እሺ፣ ሂድ እንበል። ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጅጋን፣ ደምበጫን፣ አማኑኤልን ታልፋለህ። ማርቆስን አልፈህ መርካቶ! ከደጀን በኋላ የአባይ በረሃ ቁልቁለት ይቀበልሃል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ሲባል ተረት መስሎህ ነበር፤ ይኸው ገደሉ። «እዚያ ያለው መስታወት ሌላ ነው» ብሎ የላከህ ሰው አባይ ነው። አንተ ደግሞ አባዩን አምነህ አባይን ተሻገርክ። ለአንድ መስታወት ሁለት አባይ በዛ!

መመለሱስ? አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ አጋድሞ አስጫነው። የቁም መስታወት ገዝቶ ማጋደም! መስታወት የሚጓዘው በጠርዙ ቆሞ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ግራና ቀኙ ተደግፎ ነው። ባለ 4 ሚሊው በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ይመዝናል፤ ሲያጋድሙት በራሱ ክብደት መሐሉ ይረግባል፣ በየጉድጓዱ ይነጥራል። ጎሃ ጽዮን ላይ አንድ የነበረው ደጀን ሲደርስ ሃምሳ ይሆናል። ያን ጊዜ አያ መርካቶ ሃምሳ አያ መርካቶ ያያል። ከሃምሳው አንዱ እንኳ «እዚያው ፍኖተ ሰላም ብንጠይቅስ» አይልም።

ደግሞ የተሰበረው ስንት ነበር? 1 ሜትር ከ80! «ሙሉ ቁመቴን እንዳይበት» አለ። እናንተ ፍረዱ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ ለማየት 85 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። የቁመቱ ግማሽ ነው። ብርሃን መስታወቱን መትቶ የሚመለሰው በመጣበት ማዕዘን ልክ ነውና፣ ጫማህን ለማየት መስታወቱ በዓይንህና በጫማህ መካከል እኩሌታው ድረስ ቢወርድ በቂ ነው። ላይኛው ጠርዝም በዓይንህና በአናትህ መሐል ይዋል። «ራቅ ብል የበለጠ ይታየኛል» እንዳትለኝ። ግድግዳው ቀጥ ካለ እስከ ጅጋ ብታፈገፍግም ልኩ ያው ነው። ታዲያ ትርፉን ለማን ገዛኸው? ለኮርኒሱ? ኮርኒስህ ፀጉሩን ያበጥራል?

«የመርካቶው ጥራት አለው» አለ። ጥራቱን በምን አወቅኸው? በተከፈለው ትራንስፖርት! መስታወቱ እኮ የመርካቶ አፈር አላበቀለውም። አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኮንቴይነር የገባ ነው፤ መርካቶም እንደ እኛ ተቀባይ ነው። የፍኖተ ሰላሙ ነጋዴ ያንኑ በጅምላ፣ በሳጥን አስቁሞ ያመጣዋል። መንገድ ላይ ቢሰበር የሚከስረው እሱ ነው። አንተ ኪሳራውን ለራስህ ለመግዛት ትኬት ቆረጥክ።

ጥራት ካልክ አሳይሃለሁ። መስታወትን መስታወት ያደረገው ጀርባው ላይ የተቀባው ስስ ብር ነው፤ ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1835 እ.ኤ.አ. ያሳየው ብልሃት ነው። ብር ከፍለህ ብር ትገዛለህ ማለት ነው። የኪስህን ብር እንደምትቆጥረው የጀርባውንም ብር እየው እንጂ! የጀርባው ቀለም ከተጫረ እርጥበት ይገባና ጥቁር ነጥብ ያወጣል። ውፍረቱን ለማወቅ የእስክሪብቶ ጫፍ አስነካው፤ በጫፉና በምስሉ መካከል ያለው ክፍተት መስታወቱ በወፈረ ቁጥር ይሰፋል። ከዚያ የበሩን መቃን በመስታወቱ ውስጥ እያየህ ራስህን ወደ ጎን አንቀሳቅስ። መቃኑ እንደ እባብ ከተጥመለመለ ተወው። መቃኑ ቀጥ ብሎ ፊትህ ብቻ ከጠመመ ግን ሻጩን አትውቀስ፣ እናትህን ጠይቅ።

የቡሬው ወንድሙ ደግሞ ባሰ! የነቀምቴ መንገድ ከባሕር ዳር መንገድ የሚገናኝባት፣ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተተከለባት ከተማ ተቀምጦ «መስታወት አጣሁ» ይላል። ፋብሪካ የገባበት ከተማ አንድ ክንድ መስታወት ያጣል? ቡሬ ተቀምጦ እንደ በሬ መነዳት!

«ገጠሩስ?» አለኝ ሊያጠምደኝ። ገጠሩማ ቀደመህ! በገበያ ቀን ሱቅ በደረቴው የኪስ መስታወቱንና ሚዶውን አንጠልጥሎ ይዞራል። ሱቁ በእግሩ ሲመጣልህ አንተ በመኪና ትሸሸዋለህ። በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ያለችውን ማንኩሳንስ ረሳሃት? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን ከማንኩሳ አስነሥተው ለኢትዮጵያ መልኳን አሳዩዋት። አገር ያየባት ማንኩሳ ያንተን ጺም ማሳየት ያቅታታል?

ለሆቴል አዳራሽ ሙሉ ግድግዳ የምታለብስ ከሆነ ሂድ፣ በጅምላ ግዛ፣ መንገድህ ይቅና። እሱንም ቢሆን ባሕር ዳርን ሳትጠይቅ አትለፍ፤ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የአባይ በረሃም የለበትም። ለአንድ መኝታ ቤት ግን እዚሁ ያለው ቆራጭ ከበቂ በላይ ነው። ልጁ እዚሁ ሠርቶ እዚሁ የሚበላ ነው፤ የምትከፍለው የቤት ኪራዩ ይሆነዋል፣ ለረዳቱ ልጅ ሙያ ማስተማሪያ ይሆነዋል። ጠርዙ እጅህን ቢቧጭርህ ማታውኑ ይሞርድልሃል። የመርካቶው ሻጭ ጠርዝ ሊሞርድልህ ፍኖተ ሰላም ድረስ ይመጣል?

እናንተ ቆማችሁ የምትስቁ፣ ለጥር ሠርግ መስታወት ያሰባችሁ፦ ቁመታችሁን ለሁለት ክፈሉ፣ ግድግዳችሁን ለኩ፣ ልኩን በወረቀት ይዛችሁ ቆራጭ ቤት ግቡ። 4 ሚሊ በሉ። ጠርዙን አስሞርዱ። ጀርባውን ሳታዩ ብር አትቁጠሩ።