ስማችን በዝርዝር ላይ የሰፈረ ሰዎች ያወጣነው የበር መዝጊያ አዋጅ ቁጥር 0/2018

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ከደጀን ወጥቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ በሚገባው መንገድ ግራና ቀኝ የምንኖር፣ ዘይትና ዱቄት ለመቀበል፣ ልጅ ለማስተማር ወይም መድኃኒት ለመውሰድ ስንል ስማችንን፣ ስልካችንን፣ የፋይዳ ቁጥራችንንና የጓዳችንን ገመና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ያስመዘገብን ሰዎች፣ ማንም ሳይወክለን በገዛ ሥልጣናችን ተሰብስበን፤

ቀድሞ ስማችን በደብተር ተጽፎ፣ ደብተሩ በቁም ሣጥን ተቆልፎ፣ ቁልፉ በገንዘብ ያዧ መቀነት ይቋጠር የነበረ ሲሆን፣ አሁን ግን አስተባባሪው ማታ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት «የተረጂዎች መመዝገቢያ ሥራልኝ፤ አረንጓዴ ይሁን» ብሎ ጽፎ ጠዋት መተግበሪያ ይዞ መምጣት የጀመረ በመሆኑ፤

አረንጓዴ እንዲሆን እንጂ እንዲቆለፍ ያልጠየቀ በመሆኑ፤

በ2017 ዓ.ም. ላቨብል በተባለው መሣሪያ የተሠሩ 1,645 መተግበሪያዎች ተፈትሸው በ170ዎቹ የሰዎች መረጃ ለማንም መንገደኛ ተከፍቶ የተገኘ በመሆኑ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ ሬፕሊት የተባለው ሌላ መሣሪያ «ምንም እንዳትነካ» እየተባለ የአንድን ነጋዴ ዳታቤዝ ጠራርጎ ያጠፋ በመሆኑ፤

ባለሙያና ዘበኛ የሞላው ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ እንኳ መጠቃቱን በጥር 2014 ዓ.ም. ደርሶበት ከ515,000 በላይ ችግረኞች መረጃ በሌላ እጅ የገባበት በመሆኑ፤

የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

«መተግበሪያ» ማለት ማክሰኞ ማታ ተጠይቆ ረቡዕ ጠዋት ለለጋሽ የታየ ማናቸውም ነገር ነው። «ይሠራል» ማለት ለአስተባባሪው ተከፍቶለታል ማለት ነው። «ምስጢር» ማለት «ለማንም እንዳትልኩ» ከሚል ማሳሰቢያ ጋር በቴሌግራም ግሩፕ የተለቀቀ ኤክሴል ነው።

አንቀጽ 2፦ ስለ በር

1. አዝራሩን ከገጹ ላይ መደበቅ በር መዝጋት አይደለም። ገጹ መረጃውን የሚያመጣው ከጀርባው ካለው ዳታቤዝ ስለሆነ፣ ፈቃዱ እዚያው ዳታቤዙ ላይ፣ ረድፍ በረድፍ ይሰጥ። የብቸናው መዝጋቢ የብቸናን፣ የሞጣው የሞጣን ብቻ ይይ።

2. የአገልግሎት ምስጢራዊ ቁልፍ በገጹ ኮድ ውስጥ ተጽፎ እንዳይቀር። በብራውዘር የሚከፈት ሁሉ ይነበባልና።

3. ማሽኑ ራሱ የሠራውን ራሱ መርምሮ «ደኅና ነው» ቢል ምስክርነቱ አይጸናም። ባለጉዳይ በገዛ ጉዳዩ ሲፈርድ አላየንም። ሌላ ሰው ይመርምረው።

4. ለሙከራ ሰው ካስፈለገ አበበ በሶ ይብላ፣ ጫላም ጩቤ ይጨብጥ። እኛን ለሙከራ ማስገባት ክልክል ነው።

አንቀጽ 3፦ ስለ ጥያቄ ብዛት

1. አምስት ሊትር ዘይት ለመስጠት ስንት ጊዜ እንዳገባን መጠየቅ ቀርቷል። ያልተመዘገበ አይሰረቅም።

2. ከልጅነት ጋብቻ ያመለጠች ልጅ የተጠጋችበት ቤት፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስም፣ የተደፈረች ሴት ቃል በአንድ ማታ በተሠራ መተግበሪያ አይገባም። በዚህ አንቀጽ ላይ ቀልድ የለም። ጠመንጃ በበዛበት አገር የእነዚህ ሰዎች አድራሻ ክፍት ሆኖ ማደሩ ሕይወት ያስከፍላል።

አንቀጽ 4፦ ስለ ቁልፍ ያዥ

አካውንቱ ለልምምድ መጥቶ ወደ አዲስ አበባ በሄደው ልጅ ጂሜል የተከፈተበት ድርጅት በሰባት ቀን ውስጥ ወደ ድርጅቱ ስም ያዙር። የይለፍ ቃል የድርጅቱ ስምና 123 የሆነበት ሁሉ ይለውጥ፤ ሁለተኛ ማረጋገጫም ይጨምር። ሥራ የለቀቀ ሰው መታወቂያውን ሲመልስ መግቢያውም አብሮ ይዘጋ።

አንቀጽ 5፦ ስለ ሰባራ ድልድይ

በሞጣ በኩል ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ቅስቱ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተቆረጠ ወዲህ ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ከአሜሪካ የመጡ በጎ አድራጊዎች ጠገኑት፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ተንጠልጣይ መሻገሪያ ተሠራለት። ስለዚህ «ፕሮጀክቱ አልቋል፣ መተግበሪያው ይኖራል» የሚል የመዝጊያ ሪፖርት ዋጋ የለውም። ጎርፉ ሲመጣ ማን እንደሚጠግን፣ ካልተጠገነም ማን እንደሚያጠፋው በስም ይጻፍ።

አንቀጽ 6፦ ስለ ኔትወርክ

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ እንደነበር የረሳ አስተባባሪ ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ያንብብ። ቅጂ ከማሽኑ ውጭ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። ደብተሩም ከነመቀነቱ ጡረታ አይወጣም።

አንቀጽ 7፦ ስለ ሥልጠና

የመረጃ ጥበቃ ሥልጠና እዚሁ በብቸናና በሞጣ፣ ያለ አበል፣ ያለ ሆቴል፣ መተግበሪያው ተከፍቶ ይሰጣል። በባሕር ዳር ሐይቅ ዳር የተነሣ የቡድን ፎቶ የደኅንነት ማረጋገጫ ሆኖ አይቀርብም።

አንቀጽ 8፦ ስለ ሌሎች ሕጎች

የእኛ አዋጅ የፌዝ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግን የእውነት ነው። መረጃ ሲያፈተልክ በ72 ሰዓት ውስጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማሳወቅን ያዛል። በሩብ ዓመት ሪፖርት «አንዳንድ ተግዳሮቶች» ብሎ መጻፍ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ለእኛም በአማርኛ፣ ምን እንደወጣና ምን ማድረግ እንዳለብን ይነገረን።

አንቀጽ 9፦ ቅጣት

በሩን ክፍት የተወ ኃላፊ የራሱ ስልክ፣ የደመወዝ ወረቀቱና የቴሌብር ቀሪ ሂሳቡ ለአንድ ሳምንት በማዘጋጃ ቤት ሰሌዳ ይለጠፋል። «ማን ያየዋል?» ብሎ ቢከራከር ሳምንቱ ሁለት ይሆናል።

አንቀጽ 10፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ዛሬ ማታ ይጸናል። አስተባባሪ ሆይ፣ ከመተግበሪያህ ውጣ፤ ሊንኩን በሌላ ሰው ስልክ፣ ሳትመዘገብ ክፈት። ከዚያ በተራ መዝጋቢ ስም ግባና በአድራሻው መጨረሻ ያለውን ቁጥር በሌላ ቁጥር ለውጥ። የማታውቀው ሰው ስም ከመጣልህ መተግበሪያውን አሁኑኑ ዝጋና ባለሙያ ጥራ። መተግበሪያው እስኪስተካከል ዘይቱን እንጠብቃለን፤ ስማችን ግን አንዴ ከወጣ አይመለስም።