ሶፋው መገናኛ ያደርሳል?

በየካ ከሾላ ገበያ እስከ ኮተቤ ካራ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ጉራራ ዳገት፣ ጎልማሳና ሽማግሌ በተሰበሰበበት ጨዋታው ዞሮ ዞሮ እዚያው ይገባል፤ «ያቺን መኪና ባልሸጥኳት ኖሮ!» አንዱ ቮልሱን፣ አንዱ ኮሮላ ዲኤክሱን፣ አንዱ ላንድሮቨሩን ያነሳል። የሸጠበትን ዋጋ ሲናገር ድምፁን ዝቅ፣ ዛሬ የምታወጣውን ሲናገር ከፍ ያደርጋል። ቁጭቱ የእውነት ነው፤ አይናቅም። የማልቀበለው አብሮት የሚመጣውን ሰበብ ነው። እንግዲህ ሰበበኛው በየተራ ይቅረብና መልሱን ይውሰድ።

«ዲኤክሷን የሸጥኳት ቤቴን ላሟላ ብዬ ነው» አለ የሠፈራችን ሰው።

«ምን አሟላህባት?»

«ሶፋ።»

«ታዲያ ሶፋው መገናኛ ያደርሳል?»

ነገሩ ማታ 12 ሰዓት ላይ መገናኛ ሲቆሙ ይገባል። የኮተቤ ሰልፍ ተጠማዝዞ ከአያት ሰልፍ ጋር ይጋጠማል፤ ዝናቡ ይወርዳል፤ ሚኒባሱ ሲመጣ ሰልፉ ይፈርሳል። የዲኤክስ ባለቤት የነበረው ሰው እዚያ መሐል ቦርሳውን አንገቱ ሥር ሸጉጦ ይጋፋል። ሶፋው ጨርቁ ተልጦ ጓሮ ወጥቷል። ዲኤክሷ ግን ሌላ ሰው ይዛ በፊቱ ታልፋለች። በፈረንጅ 1980ዎቹ የተሠራች ኮሮላ ዛሬም የአዲስ አበባን ዳገት እየወጣች ቤተሰብ ታስተዳድራለች። ቤት ማሟላት ያባት ነው፤ ግን ቤትን ሲያሟላ የኖረውን ነገር ሸጦ ቤት አይሟላም።

«ደላላው ነው ያታለለኝ» ላልከው ደግሞ፣ እስቲ ደላላው በር ላይ የሠራውን እናስታውስ።

ሲመጣ አንተን አላየህም፤ መኪናዋን ነው ያየው። በጣቱ አንጓ ፓራፋንጎውን ኳ ኳ አደረገና «ስቱኮ ነው» አለ። የዘይት መለኪያዋን መዝዞ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል አሸት አሸት አደረገና «ዘይት ትበላለች» አለ። በሩን ከፍቶ ዘጋ፣ ደግሞ ከፍቶ ዘጋና «ወርዷል» አለ። ጎማውን በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ ምንም ሳይል ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻ ወደ አንተ ዞሮ «ጋሼ፣ ነገ ከነገ ወዲያ'ኮ የሚወስድልዎት ቆራሌው ነው» አለ። ከዚያ ሁሉ ቃል ውስጥ ስለሚሠራው ነገር አንዲት ቃል አልነበረችም። በመጀመሪያው ቁልፍ እንደምትነሳ፣ ከእንጦጦ ስትወርድ ፍሬኗ እንደሚይዝ፣ ልጆችህን ትምህርት ቤት አመላልሳ እንዳሳደገች እሱ አላወቀም። የምታውቀው አንተ ነበርክ፤ አንተም ዝም አልክ። ደላላው ያታለለህ በአፉ ብቻ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል፤ ግማሹን የሠራለት ያንተ ዝምታ ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ ዝም ካለም ደጃፍ ይቆረጣል።

ዝም ያላሉ አሉ። እዚያው ፈረንሳይ አካባቢ አንድ የቮልስ ባለቤት ከደላላ ጋር የተነጋገሩት በሠፈሩ ይነገራል፦

«አባባ፣ ሞዴሏ ስንት ነው?»

«ካንተ ትበልጣለች። ጠዋት ጠዋት ግን ካንተ ቀድማ ትነሳለች።»

«ያለ ግፊ አትነሳም ሲሉ ሰማሁ'ኮ።»

«ያለ ኮሚሽን የማትነሳውስ አንተ ነህ።»

«ሞተሯ ከኋላ ነው አይደል?»

«አዎ፤ ሐሜተኛዋም ሁሌ ከኋላ ነው።»

ደላላው ሄደ፤ ቮልሷ ቀረች። እኚህ ሰው ሀብታም ስለሆኑ አይደለም፤ ያላቸውን ስለሚያውቁ ነው።

«አባቴ ሞኝ ነበር፤ ያን የመሰለ መኪና በዚያ ገንዘብ!» ላልሽው እህቴ፣ ቀስ በይ። አባትሽ የሸጠው በዚያ ዘመን ብር ነው። በደርግ ጊዜ አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። በመስከረም 1985 ዓ.ም. 5 ብር ሆነ። ከዚያ ሲንሸራተት ቆይቶ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አባትሽ የተቀበለው ገንዘብ ያኔ የሚበላ ገንዘብ ነበር፤ በኋላ የሟሟው በእጁ አይደለም።

መኪና ወደ አገር የሚገባበት በር የተዘጋውም አባትሽ ከሸጠ በኋላ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ብዙ ዓመት ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ኤክሳይስ ጣለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ከተከለከለባቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች አንዱ የቤት አውቶሞቢል ሆነ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። እንግዲህ የቤንዚኗ መኪና ተተኪ አጣች። አሮጌዋ አልተሻለችም፤ አልታደሰችም፤ ከኋላዋ የሚመጣ ስለጠፋ ብቻ ወንበሯ ከፍ አለ። ይህን ሁሉ ከ20 ዓመት በፊት ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ያላየን ሰው ሞኝ ማለት ግፍ ነው። አባትሽን ተይው፤ ይልቅ ቤት የቀረውን ዕቃ ተመልከቺ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ብሩን ማንም አላወቀም፤ ታክሱን ማንም አላወቀም። ታዲያ የምንቆጭበት ነገር የለም ማለት ነው? አለ። ብዙዎቻችን መኪናዋን በርካሽ የሰጠነው ገንዘብ ስለቸገረን ብቻ አልነበረም፤ ስላፈርንባት ነው። መጀመሪያ ናቅናት፣ ከዚያ ሸጥናት። ዋጋዋ የወደቀው ገበያ ከመውጣቷ በፊት ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህ ነበር።

ቮልስን መናቅ ቆየት ያለ ታሪክ አለው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው ሲወሰዱ፣ ያን ሁሉ የክብር መኪና ላዩ ሰው የቀረበላቸው ቮልስ ነበር። የታሰበው ንጉሡን ዝቅ ለማድረግ ነው። ሆኖም ያን ያዘዘው መንግሥት 17 ዓመት ኖሮ ሄደ፤ ቮልስ ግን ዛሬም ከቀበና ወደ ፈረንሳይ ስትወጣ ትታያለች። ለውርደት የተመረጠችው መኪና መራጮቿን ቀብራለች። ከዚህ የማይማር ሰው ከምን ይማራል?

«ለሠርጌ በሷ መሄድ አፍሬ ነው የሸጥኳት» ያልከው ወንድሜ፣ ላንተ አጭር መልስ አለኝ። ያኔ ለራስህ ሠርግ አፈርክባት፤ አሁን ለልጅህ ሠርግ እንጦጦ ላይ ፎቶ መነሻ ብለህ ቮልስ ተከራየህ። በነፃ ስታሳፍርህ የነበረችው በኪራይ አኮራችህ?

ማፈራችን ሳያንስ ምን እንደሆነች አለማወቃችን ነው የሚያሳዝነው። የ1200ዋ ቮልስ ጉልበቷ 34 የፈረስ ጉልበት ነው። ከፍታ ደግሞ የሞተርን ትንፋሽ ይቀንሳል፤ አየሩ ስለሚሳሳ በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጎድላል። እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ስትደርስ የቀራት 24 ፈረስ ብትሆን ነው። በ24 ፈረስ አምስት ሰው ጭና፣ ነጠላ የለበሱ እናቶችን ከፊት አስቀምጣ፣ በክረምት ጭቃ ወጥታለች። እንዴት? የሞተሯ ክብደት የሚያርፈው መንገዱን በሚገፉት የኋላ ጎማዎች ላይ ነው፤ ስለዚህ ጭቃውን ትነክሳለች። የምትቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ራዲያተር የላትም፤ ዳገት መሐል ቆማ ውኃ አትለምንም። ካንዴላዋን አውጥቶ በብርጭቆ ወረቀት ጠርጎ መመለስ የጎረምሳ ሥራ ነበር። ይህች ናት እንግዲህ «ጢዝጢዝ ትላለች» ተብላ የተሸጠችው።

ሌላ አገር እንይ። ኩባ ውስጥ በፈረንጅ 1950ዎቹ የተሠራ የአሜሪካ መኪና ዛሬም ሃቫና ጎዳና ላይ ይሠራል። መለዋወጫው ሲቀር ባለሙያው ቀጥቅጦ፣ የሌላ መኪና ሞተር ገጥሞ አቆየው። እነሱም በሩ ተዘግቶባቸው ነው፤ ልዩነቱ፣ በሩ ሲዘጋ መኪናው እጃቸው ላይ ነበር። የኛ ደግሞ በሩ ሲዘጋ ብዙው ሶማሌ ተራ ተበትኖ ነበር፤ በሯ ለአንዱ፣ ካምቢዮዋ ለሌላው፣ ላሜራዋ ለብረት ማቅለጫ። ቮልስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ፣ የመጨረሻዋ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጥታለች። ከዚያ ወዲህ የተበተነች ሁሉ ለዘለዓለሙ አንድ ቀነሰች ማለት ነው።

«አንተ ወደ ኋላ ትጎትተናለህ፤ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» የሚለኝ ወጣት አይጠፋም። እሺ፣ የኔ ልጅ፤ ኤሌክትሪኳን ውሰድ። ነዳጅ በዶላር የምትገዛ አገር በራሷ ወንዝ ኃይል ብትሄድ ማን ይጠላል? የእንጦጦ ባሕር ዛፍም ከጭስ ቢያርፍ ደስ ይለኛል። በደንብ ያልተስተካከለ ካርቡራተር ሕዝብ እንደሚያስል አልክድም፤ ያስተካከለው ሰው ግን አለ፤ ይኸው ኮተቤ ነው፤ ሽበቱ ወጥቷል፤ አጠገቡ የሚማር ልጅ የለም። እኔ የምጠይቅህ ይህን ነው፤ የዛሬዋ ኤሌክትሪክህ ባትሪዋ ሲደክም ምን ልታደርጋት ነው? ደላላው መጥቶ «ሞታለች» ሲልህ አምነህ ልትሰጥ ነው? መኪናው ቢቀየርም ደላላው ያው ነው፤ በር ላይ የሚናገረውም ያው ነው። አያትህ ቮልሱን የሸጠበት አንደበት አንተንም ይጠብቅሃል።

እንግዲህ እስካሁን ያልሸጣችሁ ስሙኝ። መኪና መሸጥ ነውር አይደለም። ሐኪም ቤት የተኛ ካለ፣ የልጅ ክፍያ ከደረሰ፣ ሽጡ፤ ከሰው ነፍስ የሚበልጥ ብረት የለም። ግን ስትሸጡ አክብራችሁ ሽጡ። ለመጀመሪያው ሰው አትስጡ፤ ሦስት ሰው ይያት። ደላላው ጉድለቷን ሲቆጥር እናንተ ሥራዋን ቁጠሩ። ከመሸጣችሁ በፊት መካኒክ አሳዩና የሚሠራውንና የማይሠራውን በራሳችሁ አፍ ተናገሩ፤ እውነቱን የሚናገር ሻጭ አይረክስም። ሊብሬዋን ሙሉ አድርጉ፤ ቦሎዋን አታሳልፉ። ከተቻለ ለሚበትናት ሳይሆን ለሚነዳት ስጡ፤ የጥቂት ብር ልዩነት ቢኖርም እንኳ። በሩ ላይ «ዛሬ ካልሸጡ ነገ ገዢ የለም» የሚል ሰው ከመጣ፣ ነገ እንዲመለስ ንገሩት። ገዢ ከሆነ ይመለሳል።

ለሸጣችሁት ደግሞ፣ ጅብ ከሄደ በኋላ መጮህ ይብቃ። የዛሬውን ዋጋ እየጠራችሁ ራሳችሁን አትቅጡ፤ ዋጋውን እናንተ አልሠራችሁትም። መቆጨት ከፈለጋችሁ በመናቃችሁ ተቆጩ፤ እሱ ይታረማል። ሳጥን ውስጥ ያለችው ራዲዮ፣ ጓሮ ያለችው የስፌት መኪና፣ የአያታችሁ ሰዓት፣ ነገ «ባልሸጥኩት» የምትሉት እሱ ነው። አሁኑኑ አውጡት፤ አራግፉት፤ አሠሩት።

አንድ የመጨረሻ ሰው ቀርቷል። «እኔስ አልሸጥም፤ በሸራ ሸፍኛታለሁ፤ ዋጋዋ ገና ይወጣል» ይላል። ጋሼ፣ እርስዎም ከሻጩ ብዙ አልራቁም። እሱ ስላፈረባት ሸጣት፤ እርስዎ ደግሞ እንደ ብር ቆጥረዋት ቀበሯት። ጎማዋ ቆማ ይሰነጠቃል፤ ፍሬኗ ይዝጋል፤ ላስቲኳ ይደርቃል፤ ሸራው ሲነሳ የሚገኘው ላሜራ ብቻ ነው። መኪና የሚከበረው ሲነዳ ነው። ሸራውን ይግፈፉና ቁልፉን ለልጅዎ ይስጡት፤ እሑድ ጠዋት የእንጦጦን ዳገት አብራችሁ ውጡ፤ ስትመለሱም እጅጌውን ሰብስቦ ካንዴላ ማውጣት ያስተምሩት።