በአፍ መስፍን

ዘር መቁጠር ሱሴ ነው። ዳንግላ ላይ ቡና ቀርቦ ሁለተኛው ሳይቀዳ ወሬውን ጎትቼ ደብረ ማርቆስ ቤተ መንግሥት የማላስገባበት ቀን ጥቂት ነው። በድንችና በዲከረንስ ከሰል ዋጋ የተጀመረ ጨዋታ እንኳ አይተርፍም። «የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘር ነን» እላለሁ። በየት በኩል ብሎ የሚጠይቅ ካለ ቡናው ቀጠነ ብዬ ነገር አስለውጣለሁ።

ደግሞ አያቶቼን እንደ ገበያ ሽንኩርት መርጬ ነው የማነሣው። ከታላቁ ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ ስጀምር አፌን ሞልቼ ነው፤ የእቴጌ ምንትዋብ የልጅ ልጅ ናቸውና ጎንደርንም ጎጃምንም አንድ ላይ እወርሳለሁ። ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጋ ድምፄ ዝቅ ይላል። በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ከካሣ ኃይሉ፣ ከኋለኛው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ጋር ገጥመው እዚያው ወደቁ። «ያሸነፈን እኮ ቴዎድሮስ ነው!» እላለሁ፣ በቴዎድሮስ መሸነፍ ከቴዎድሮስ መዛመድ ይመስል። ልጃቸው ብሩ ጎሹ በእስር የማቀቁበትን ዘመን ግን ዘልዬው አልፋለሁ።

በ1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ለአዳል ተሰማ ዘውድ ጭነው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሲያሰኟቸው እኔም አብሬ እነግሣለሁ። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ እምባቦ ላይ በምኒልክ ጦር ቆስለው ሲማረኩ፣ የተሸነፈው «የጎጃም ጦር» ነው፤ እኔ የለሁበትም። ዓድዋ ላይ ተመልሼ እገኛለሁ።

ልጃቸው ራስ ኃይሉ ጋ ስደርስ ዝምድናዬ ይታመማል። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓ መዝለቃቸውን ሳወራ ሻንጣቸውን የያዝኩ ነው የምመስለው። ግብራቸው ከተነሣ ከገባሩ ጎን እቀመጣለሁ። ለጣሊያን ማደራቸው ከተነሣማ አባቴ ራሱ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠፋኛል።

ይህ ሁሉ መስፍንነት ፈረስ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ከጣሊያን ወረራ በፊት እዚሁ ዳንግላ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ቺስማን እንኳ በበቅሎ ጣናንና ዓባይን ዞሯል፤ እኔ ከባጃጅ አልወረድኩም። እንጅባራ ላይ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ጋቢዬን ደርቤ ዳር ቆሜ እተቻለሁ። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው ዓድዋ ለዘመቱት ፈረሶች መታሰቢያ መሆኑን ሰው ሳይጠይቀኝ አስረዳለሁ፤ ጉግሱንም አርማለሁ።

አንድ ዓመት ግን ከባንጃ የመጣ የአጎቴ ልጅ ትችቴ ሰለቸውና ፈረሱን በልጓሙ ይዞ ፊቴ አቆመው። «በል ውጣ፣ መስፍኑ!»

ፈረሱ ግርማ ነበረው፤ ከሁለታችን የመሳፍንት ዘር የሚመስለው እሱ ነው። ኮርቻውን ጨብጬ አንድ እግሬን እርካብ ላይ ሳሳርፍ ወደፊት ተራመደ። እግሬ እርካቡ ውስጥ እንዳለ በሌላው እየነጠርኩ ተከተልኩት። ጋቢዬ ወደቀ፣ አንድ ጫማዬም ጭቃ ውስጥ ቀረ። ልጆች እልል አሉ። የአጎቴ ልጅ ልጓሙን እንደያዘ በሳቅ ስለተንፈራፈረ ለእርዳታ አልሆነም።

እግሬን በመከራ አውጥቼ ጫማዬን ስፈልግ አንዲት አሮጊት ጋቢዬን እያራገፉ አቀበሉኝ፤ ፊቴንም ትኩር ብለው አዩኝ።

«አይዞህ ልጄ። የማን ልጅ ነህ?»

«እንግዳ ነኝ እናቴ፣» አልኩ፣ «ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት።»