ሻይ ወዳዱ መንገደኛና ሲኒዎቹ፦ የምደባ ሙከራ

በየደረሰበት አገር የፖርስሊን ሲኒ የሚገዛ መንገደኛ ራሱን «የሻይ ወዳጅ» ብሎ ያስተዋውቃል። ጥናታችን ለዚህ ማስረጃ አላገኘም። ሰውየው ሻዩን የሚጠጣው እንደ ማንም በብርጭቆ ነው፤ ሲኒዎቹ የሚኖሩት ቡፌ ውስጥ፣ ከመስታወት ጀርባ ነው። የጥናቱ ናሙና አንድ ቡፌ ሲሆን እሱም የራሴ ነው።

ጠባዩ የቆየ ነው። የሳክሶኒው ገዢ ብርቱው አውግስጦስ እ.ኤ.አ. በ1717 ለፕሩሲያ ንጉሥ 600 ፈረሰኛ ሰጥቶ 151 የፖርስሊን ዕቃ ተቀብሏል። ያኔ የራሱ የማይሰን የፖርስሊን ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሰብሳቢ ቤቱ ያለውን አይቆጥርም። ፈረሰኛ የሌለው የዛሬው መንገደኛ ሹራቡን ሆቴል ትቶ ለሲኒ ቦታ ይለቃል።

ምድብ አንድ፦ በጭን የመጡ። የቻይናዋ ጂንግደዤን ልጆች ናቸው፤ እጀታ የላቸውም። ወደ ብርሃን ሲያነሷቸው የጣት ጥላ ይታይባቸዋል፤ ይህም እንግዳ በመጣ ቁጥር ይታያል። ሻይ አይቀዳባቸውም።

ምድብ ሁለት፦ የሚያስገድፉ። የእንግሊዟ ስቶክ ኦን ትሬንት ቦን ቻይና ገሚሱ የከብት አጥንት አመድ ነው። አክስቴ ይህን ከሰሙ ወዲህ በጾም ወራት ሲኒው ካለበት መደርደሪያ ፊታቸውን ያዞራሉ። ከ1200 ዲግሪ በላይ የተቃጠለ አጥንት ጾም ያስገድፋል ወይ የሚለው ከጥናቱ አቅም በላይ ስለሆነ ወደ ንስሐ አባታቸው ተመርቷል።

ምድብ ሦስት፦ መበለት ሳህኖች። ሲኒው ተሰብሮ የስሩ ሳህን ብቻዋን ስትቀር ነው። አሟሟቱን በተመለከተ የምስክሮች ቃል አይገጥምም። መበለቷን መጣል አይቻልም፤ ጀርባዋ ላይ የማይሰን ሁለት ሰማያዊ ሰይፎች ተጣምረዋል። ሰይፎቹን አስመስሎ ያልሳለ ፋብሪካ ጥቂት ነው፤ የኛዋ ግን እውነተኛ ናት ብለን ወስነናል።

መበለቶች እንደ መተዳደሪያቸው ይከፈላሉ። የሎሚ ቁራጭ የያዘች፣ የቁልፍና የሳንቲም፣ የስኳር ዕቃ ክዳን የሆነች አለች። የሳሙናዋን ዝቅ አድርጎ ማየት አይገባም፤ ቢያንስ በየቀኑ ትታጠባለች። ከሁሉ የከፋው የሻማዋ ዕጣ ነው። መብራት ሲጠፋ የቤቱ ሰው በጨለማ ዳብሶ የሚያገኘው ሁልጊዜ እሷን ነው። መሐሏ ላይ ለሲኒው እግር የተሠራው ጎድጎድ ያለ ክብ ለሻማም ልክ ነው፤ የማይሰን ባለሙያዎች ይህን አስበውበት ይሁን አይሁን አልተመረመረም። ሰሙ በወርቁ ጠርዝ ላይ ይወርዳል። መብራት ሲመጣ አንድ ሰው ቢላዋ ያነሳል። በቢላዋ! ሙቅ ውሃ እያለ!

ተመራማሪው ይቅርታ ይጠይቃል፤ ወደ ጉዳዩ እንመለስ። ሳህኗ የሲኒ ጥገኛ ናት የሚለው አስተሳሰብ ስህተት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን ትኩስ ሻያቸውን ሳህኑ ላይ ገልብጠው፣ አብርደው ይጠጡ ነበር። እኛም ልጅ ሳለን እፍ እያልን ጠጥተንባታል፤ ማንም ነውር ነው አላለንም፣ ካፈሰስን በስተቀር። እንግዲህ መበለቷ ራሷን የቻለች የመጠጫ ዕቃ ናት፤ ሻማ ግን አይገባትም።

ምድብ አራት «በሚቀጥለው ጉዞ የሚገዙ» የሚል ነበር። ባለቤቴ ረቂቁን አንብባ «ቡፌው ሞልቷል» ስላለች ተሰርዟል።