በጎነት በ700 ፊደል

በአሜሪካ ሕክምና ለመማር የሚያመለክት ወጣት ሰው ወዳድ መሆኑ ብቻውን አይበቃውም፤ ስንት ሰዓት ሰው እንደወደደ መጻፍ አለበት። ይህ ጥናት የሚመረምረው ያንን የሰዓት አቆጣጠር ነው። የጥናቱ ክልል በአሜሪካ ዋና ከተማ ዙሪያ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ያለው የሐበሻ መንደር ሲሆን፣ መረጃው የተሰበሰበው ቡና ላይ፣ ሰርግ አዳራሽ ውስጥና ከቅዳሴ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። የናሙናው ብዛት አይገለጽም፤ እናቶቹ አልፈቀዱም።

አገር ቤት ነገሩ ቀላል ነው። ሕክምና የሚገባው በፈተና ውጤት ነው፤ ልጁ ከዚያ በፊት በሽተኛ አጠገብ ቆሞ ያውቅ እንደሆነ፣ ደም ሲያይ ይወድቅ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። ከገባ በኋላ ይደርስበታል። አሜሪካኖች ቅደም ተከተሉን ገልብጠውታል። መጀመሪያ የ4 ዓመት ዲግሪ ይያዛል፤ በዚያ ላይ ኤምካት የሚሉት፣ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ፈተና ይመጣል። የኤምካት ውጤት ከ472 ጀምሮ 528 ላይ ያበቃል። አንድም ጥያቄ ያልመለሰ ሰው 472 ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል ማለት ነው፤ አስኳላ ከተከፈተ ወዲህ እንዲህ ያለ ቸር ፈተና መኖሩን አልሰማንም። ሆኖም በየዓመቱ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ያመለክታል፣ የሚገባው ግማሹን አይሞላም። ጥሩ ውጤት ያለው ሰው ከወንበሩ በላይ ሲበዛ ሌላ ወንፊት አስፈለገ። ወንፊቱ ደግነት ሆነ።

ማመልከቻው አምካስ ይባላል፤ የሚያስተዳድረው የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ነው። አመልካቹ የሠራውን፣ ያገለገለውን፣ የተመራመረውንና የዘፈነውን ሁሉ ቢበዛ በ15 ሣጥን ከፋፍሎ ያስገባል። ለአንዱ ሣጥን የተፈቀደው 700 ፊደል ነው፤ በቃልና በቃል መካከል ያለው ባዶ ቦታም ይቆጠራል። ለንጽጽር ያህል፣ ሁለት የወሎ ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ተገናኝተው ሰላምታ ቢለዋወጡ ገና ስለ ከብቱ ሳይጠያየቁ 700ው ያልቃል። ከ15ቱ ውስጥ ሦስቱ «እጅግ ትርጉም ያላቸው» ተብለው ሊሾሙ ይችላሉ፤ ለእያንዳንዳቸው ተጨማሪ 1,325 ፊደል ይሰጣል። የቀሩት 12 ትርጉማቸው መካከለኛ እንደሆነ አመልካቹ በራሱ እጅ አረጋግጧል።

እያንዳንዱ ሣጥን የተጀመረበትን ጊዜ፣ ያበቃበትን ጊዜ፣ ጠቅላላ ሰዓቱንና የሚመሰክር ሰው ይጠይቃል። ችግሩ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ ሰንበት ትምህርት ቤት የተማሩት፣ ቀኝ እጅ ስትመጸውት ግራይቱ እንዳትሰማ ነው። አምካስ ግራይቱን ከነሥራ ድርሻዋ፣ ከነስልኳና ከነኢሜይሏ ይመዘግባታል።

ከዚህም የሚደንቀው «የሚጠበቅ ሰዓት» የሚባለው ነው። አመልካቹ እስከ ዛሬ ከሠራው ሌላ፣ ወደፊት ለመሥራት ያሰበውን ሰዓትም እንዲያስገባ ይፈቀድለታል። ገና ያልተፈጸመ ምጽዋት በመዝገብ ሰፍሮ ዋጋው ሲታሰብ ይኼ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ጉዳዩን ያማከርናቸው አንድ መሪጌታ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያን በኩል እንዲህ ያለ አሠራር እንደሌለ ገልጸውልናል።

ለመሆኑ ከሣጥኖቹ ውስጥ «ክሊኒካዊ» የሚባለው የትኛው ነው? የአመልካቾች አማካሪዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት አንድ የቆየ መለኪያ አለ፦ የበሽተኛው ጠረን እስኪሸትህ ከቀረብህ ክሊኒካዊ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ሆስፒታሉ ሥር ባለው የስጦታ ሱቅ ፊኛ የሚሸጥ በጎ ፈቃደኛ ክሊኒካዊ አይደለም። ያንኑ ፊኛ ይዞ 4ኛ ፎቅ ወጥቶ አልጋ ላይ ላለ ሰው የሰጠ ግን ክሊኒካዊ ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው አሳንሰሩ ነው።

አሳንሰሩ ላይ ለመድረስ ደግሞ መንገዱ ረጅም ነው። የቲቢ ምርመራ አለ፤ የክትባት ማስረጃ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ስለወጣው የታካሚ ምስጢር ሕግ፣ ስለ ሂፓ፣ ሥልጠና አለ። ከዚያ ሰደርያና ባጅ ይሰጣል። ይህን ሁሉ ያለፈ ወጣት ዊልቸር መግፋት፣ ብርድ ልብስ ማደል፣ ያለቀውን የጓንት ካርቶን መተካትና ነርሷ ከፈቀደች ውሃ ማቀበል ይችላል። ነርሷ ከፈቀደች ያልነው በምክንያት ነው፤ ለቀዶ ሕክምና ጾሙን የሚጠብቅ ሰው ሊኖር ስለሚችል የውሃዋ ነገር ቀላል አይደለም።

ይህችን ውሃ በሦስት ምንጮች ተከታትለናታል። አንዲት ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ለአንድ ታካሚ በረዶ ያለበት ውሃ ሰጠች። ማታ አባቷ ምን ስትሠራ እንደዋለች ሲጠይቋት «ምንም፤ ውሃ ሰጠሁ» አለች። በማግስቱ እናቷ አዲስ አበባ ላለችው እህታቸው በስልክ ሲያወሩ «ሆስፒታል ገብታልኛለች፤ በሽተኞቹን የያዘችው እሷ ናት፣ ዶክተሮቹማ ያለሷ አይሆንላቸውም» አሉ። ማመልከቻው ላይ ደግሞ «ከልዩ ልዩ ሙያ ከተውጣጣ የሕክምና ቡድን ጋር በመሥራት ታካሚን ማዕከል ላደረገ እንክብካቤ አስተዋጽኦ አበርክቻለሁ፤ በዚህም የማዳመጥን ኃይል ተረድቻለሁ» የሚል ሰፈረ። የውሃው መጠን በሦስቱም ምንጮች አንድ ነው።

በእኛ ግምት ከሦስቱ እውነቱን የተናገረው የመጀመሪያው ነው፤ ግን እሱ ሣጥን አይሞላም። ደግሞም የልጅቷ ችግር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ስትመሰገን «ኧረ ምን አደረግሁ!» እንድትል ተኮትኩታ ያደገች፣ ጉራ ነውር መሆኑን ከእናት ጡት ጋር የጠባች ልጅ ናት። አሁን አማካሪዋ «እኛ» የሚለውን ሁሉ በቀይ እየሰረዘች «አንቺ ምን አደረግሽ?» ትላታለች። ሃያ ዓመት የተደከመበት ትሕትና በአንድ ክረምት ይፈርሳል። እናትየው ግን ሥልጠና አላስፈለጋቸውም፤ ልጅን ማሞገስ ጉራ ውስጥ አይቆጠርምና።

የማመልከቻዎቹን ይዘት ስንመረምር በተደጋጋሚ ያገኘናቸው አንዲት ሴት አሉ። አሮጊት ናቸው። ብቻቸውን ተኝተዋል፤ ጠያቂ የላቸውም። አመልካቹ ብርድ ልብስ ሊሰጥ ሲገባ እጁን ይይዙታል፣ አንድ ጥበብ ያለበት ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፣ ከዚያ 700ው ፊደል ስለሚያልቅ አይታዩም። ስማቸው በሂፓ ምክንያት አይታወቅም። በአንድ ቅዳሜ በብዙ ሆስፒታል የመገኘት ችሎታቸው ግን ለሕክምና ሳይንስ አዲስ ነው። እኒህ ሴት ሐበሻ ሊሆኑ እንደማይችሉ በእርግጠኝነት መናገር እንችላለን። ሐበሻ ታሞ ብቻውን አይተኛም። የታመመው ሐበሻ ከሆነ በጎ ፈቃደኛው መጀመሪያ ከበር ላይ የቆሙትን የዕድር ሰዎች፣ ቀጥሎ አጥሚት በፔርሙዝ የያዙትን፣ ከዚያ ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ያመጡትን አልፎ አልጋው ዘንድ ሲደርስ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ምግብ ሳይቀምስም አይወጣም። ይህ ተሞክሮ ጥልቅ ቢሆንም፣ ማን ማንን እንደተንከባከበ ለቅበላ ኮሚቴው ማስረዳት ያስቸግራል።

ሌላው ሣጥን «ሻዶው» ነው፤ ሐኪም ሥራውን ሲሠራ ጥግ ይዞ ማየት። ሥራው መቆም ነው፤ መቆሙ ሰዓት አለው። በመንደራችን ይህ ሰዓት የሚገኘው ሰርግ ላይ ነው። ዶክተሩ ክትፎውን አንስተው ወደ ወንበራቸው ሲመለሱ አንዲት እናት መንገድ ትዘጋባቸዋለች፦ «ዶክተር፣ ይቺ ልጄ ናት፤ እባክዎ እርስዎ ጋ ትቁምልኝ።» ዶክተሩ ሳህን በእጃቸው ይዘው እምቢ ማለት አይችሉም። የዶክተር ልጅ ከሆነች ግን ሰርግ መጠበቅ አያስፈልጋትም፤ ቁርስ ላይ ይነገርላታል። ሰርግ የማትጠራ የታክሲ ነጂ ልጅ ደግሞ ለማታውቃቸው ክሊኒኮች ኢሜይል ስትልክ ትከርማለች። ቅጹ ላይ የሁለቱም ሰዓት በአንድ ዓይነት አኃዝ ይጻፋል። ይህን የምንለው ያለ ሽሙጥ ነው።

ስለ ክረምት ጉዞ ብዙ አንልም። ፈረንጁ አመልካች አንድ ሳምንት አፍሪካ ሄዶ ሕፃናት አቅፎ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። የኮሌጆቹ ማኅበር ራሱ፣ አገርህ ላይ እንድትሠራ የማይፈቀድልህን ሕክምና ሌላ አገር ሄደህ አትሥራ ሲል መመሪያ አውጥቷል፤ መመሪያው ያስፈለገው ደግሞ ያለ ምክንያት አይሆንም። የእኛ ልጅ ክረምቱን ጎንደር አያቷ ጋ ቆይታ፣ አንድ ቀን ከአክስቷ ጋር ጤና ጣቢያ ደርሳ ትመለስና «በዝቅተኛ ገቢ አገር የማኅበረሰብ ጤና ተሞክሮ» ይጻፍላታል። አክስትየዋ ይህን ማዕረጋቸውን አልሰሙም።

ጥናቱ ያልጠበቀው ግኝት የመጣው ከወላጆች ነው። ከላይ የተጠቀሰው የአፍንጫ ሕግ በትክክል ሥራ ላይ ቢውል በመንደራችን ቀዳሚዋ የክሊኒክ ሊቅ የአመልካቹ እናት ናት። በነርሲንግ ሆም የማታ ፈረቃ ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት፣ ሆና ትሠራለች። አልጋ የያዘውን ቁስል እንዳያወጣ በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ የሚቃዠውን ታባብላለች። ማን ዛሬ እንዳልበላ፣ የማን ትንፋሽ እንደተለወጠ ከነርሷ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። ልጁ ይህንኑ ሥራ በክፍያ ቢሠራ አምካስ ላይ «የሕክምና ቅጥር» የሚል የራሱ መደብ አለው፤ አማካሪዎችም ከዊልቸር መግፋት ይልቅ ይህን ከፍ አድርገው ያዩታል። ልጁ አንድ ቀን «እማዬ፣ እኔም የሲኤንኤ ላይሰንስ ላውጣ» ቢላት የሚያገኘውን መልስ በብዙ ቤት ሰምተነዋል፦ «እኔ የለወጥኩት ዳይፐር አይበቃም? አንተ ተማር!» ስለዚህ ልጁ እንዲማር ይሄዳል፤ ሰደርያ ለብሶ ውሃ ያቀብላል።

ሁለተኛዋ ሊቅ ራሷ አመልካቿ ናት፤ ግን አታውቀውም። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምራ አያቷን ሐኪም ቤት ስትወስድ፣ ስኳራቸውን ስትለካ፣ የሳምንቱን ክኒን በየሣጥኑ ስትደለድል፣ ከኢንሹራንስ የመጣውን ደብዳቤ እየተነተነች ስታስረዳ ኖራለች። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ የተናገረውን አስፈሪ ነገር አያቷ እንዳይደነግጡ አድርጎ በአማርኛ ማውጣት፣ አያቷ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ያሉትን ደግሞ ሦስት ቀን አልበሉም ብሎ ለሐኪሙ ማድረስ የእሷ ሥራ ነበር። ለምን አልጻፍሽውም ስንላት «ይኼ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ?» አለችን። ቅጹ «ሌላ» የሚል መደብ ስላለው አይከለክላትም። የከለከላት ሰደርያ አለመኖሩ ነው። በነገራችን ላይ፣ የአሜሪካን የጤና መድን ማሻሻያ ሕግ ክፍል 1557ን ለማስፈጸም እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ደንብ፣ አስቸኳይ ጉዳይ ካልሆነ በቀር ሕፃን ልጅን አስተርጓሚ ማድረግን ከልክሏል። ከሁሉ ይበልጥ ሐኪም ያደረጋት ተሞክሮ መኖር ያልነበረበት ነው ማለት ነው።

እኛ ግን ጻፊው አልናት። ጻፈችው፤ 700 ፊደል አልበቃት ብሎ «እጅግ ትርጉም ያለው» ብላ ሾመችው። መስካሪ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ብዙ ካሰበች በኋላ የአያቷን ስምና ስልክ አስገባች። አሁን የምንጠብቀው አንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ሠራተኛ ሰዓቱን ለማረጋገጥ እንዲደውል ነው። አካሄዱን አስቀድመን መገመት እንችላለን። ሠራተኛው በእንግሊዝኛ ራሱን ያስተዋውቃል። አያትየው የሚናገረውን ባይሰሙም ያለማቋረጥ ይመርቁታል፤ የማን ልጅ እንደሆነም ይጠይቁታል። ከዚያ «ቆይ የኔ ልጅ፣ እሷ ታስረዳህ» ብለው ስልኩን ለልጅቷ ይሰጣሉ፤ እሷም ስለ ራሷ የተጠየቀውን ለአያቷ፣ አያቷ ስለ እሷ የመለሱትን ለሠራተኛው እያስተረጎመች ታደርሳለች። አያትየው ግን ስለ ሰዓቱ ሳይሆን ስለ ጉልበታቸው ነው የሚያወሩት፤ ሐኪም መስሏቸዋል።